የማኅበሩ ልጅ

ከዳባት ወደ ደባርቅ ተድሬ ስሄድ አክስቴ ለብቻዬ ጠርታ አንድ ምክር ሰጠችኝ። "አማትሽ ምላሳቸው ኮሶ ነው። ዝም ብለሽ ዋጪው፤ ኮሶ ለጤና ነው" አለችኝ። እውነቷን ነበር። ገና ሳምንት ሳይሞላኝ የሽንኩርት አከታተፌ፣ የእሳት አቀጣጠሌ፣ አሳሳቄ እንኳ ሳይቀር በጊዜው አነጋገር "ሂስ" ቀረበበት።

ባሌ የመንገድ ሥራ ሠራተኛ ነበር። ሊማሊሞ ላይ ናዳ በወረደ ቁጥር ድንጋዩን የሚያነሱት እነሱ ናቸው። ሳምንቱን ድንኳን ውስጥ ያድርና ቅዳሜ ቅዳሜ ከአዲ አርቃይ በሚመጣ የጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ፣ አቧራ ለብሶ ይመጣል። ስለዚህ ቤቱ በአብዛኛው የአማቴና የእኔ ነበር። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እሰማለሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። የቀበሌ ስብሰባ እሁድ ጠዋት ይጠራል፤ ቅዳሴ በሚቀደስበት ሰዓት። አማቴ ግን ሁለቱንም አያስቀሩም። ቅዳሴውን አስቀድሰው፣ ነጠላቸውን መስቀለኛ እንዳጣፉ አዳራሹ ይገቡና ከኋላ ተቀምጠው ያንቀላፋሉ። "መፈክር ሲደርስ ቀስቅሽኝ" ይሉኛል። ስቀሰቅሳቸው ግራ እጃቸውን ከሰው ሁሉ በላይ ያነሳሉ። አንድ ቀን "እማማ፣ ምንም አይመስልዎትም?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "ያነሳሁት እጄን ነው፤ ልቤን አላነሳሁ" አሉኝ።

በዚያ አዳራሽ ውስጥ እጁን የማያነሳ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ከደቡብ አገር ተመድቦ የመጣ የሳይንስ አስተማሪ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ የደባርቅን ብርድ ያልለመደ ወጣት፤ ፀሐይ ላይ ቆሞ እንኳ ሹራብ በሹራብ ደርቦ ይንቀጠቀጣል። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ለእኛ ሰፈር ሴቶች ፊደል ያስተማረን እሱ ነው። አማቴ "ጨ"ን እና "ጠ"ን እያምታቱ አስቸገሩት። እሱ ግን አንድ ቀን ፊቱን ሳያጠቁር ክረምቱን ሙሉ አስተማራቸው። ሰው ሁሉ ጴንጤ መሆኑን ያውቃል። ቤተ ክርስቲያን አይሳለምም፣ ጠላ አይቀምስም። "ልጁ ጥሩ ነው፤ መንገዱ ነው የጠፋበት" ይባልለት ነበር።

አንድ እሁድ ካድሬው ከመድረኩ ላይ አየው።

"ጓድ መምህር፣ እጅህን ምን ነካው?"

"ደህና ነው" አለ መምህሩ።

"ታዲያ ለምን አታነሳውም?"

አማቴ እንኳ ሳልቀሰቅሳቸው ነቁ። መምህሩ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ ክፍል ውስጥ ለተማሪ እንደሚመልስ ሆኖ፣ "ጓድ፣ ለሥራ ከሆነ ሁለቱንም አነሳለሁ። ለአምልኮ ግን የማነሳው ለእግዚአብሔር ብቻ ነው" አለ። ከዚያው ከአዳራሹ ወሰዱት።

ከዚያ በኋላ ስለ እሱ የሚያነሳ ጠፋ። ሰው ክፉ ሆኖ አልነበረም። ፈርቶ ነው። ለእስረኛ ስንቅ የሚያቀብል ሁሉ በሩ ላይ "ምንህ ነው? ምንሽ ነው?" ይባላል። ዘመዱ ከሆንክ ዘመድነትህ ይያዝብሃል። ባዳ ከሆንክ ደግሞ ለምን እንደመጣህ ትጠየቃለህ። መምህሩ በዚያ አገር ዘመድ የሚባል አልነበረውም።

ወሬውን ያመጣችልን ከበየዳ የመጣች አንዲት ሴት ናት። ባሏ ሽፍታ አብልተሃል ተብሎ ታስሮባት ጎረቤታችን ቤት አርፋ ነበር። አንድ ቀን ባዶ አገልግሏን ይዛ ስትመለስ ደጃችን ላይ ቁጭ አለችና፣ "ያ አስተማሪ የሚጠይቀው የለውም። ባሌ ከእንጀራው እየቆረሰ ይሰጠዋል። እሱ ግን ያስለዋል፣ ያተኩሰዋል፤ አይበላለትም" አለች።

አማቴ ምንም አልተናገሩም። እሳቸው ዝም ካሉ ነገር አለ። በማግስቱ ጠዋት ሽሮ ሠርተው፣ እንጀራ በሳህን ሸፍነው ብቻቸውን ወጡ። ብዙ ሳይቆዩ ሳህኑን እንደያዙ ተመለሱ፤ ፊታቸው በርበሬ መስሎ።

"ምነው እማማ?"

"አሥር አለቃው 'ምንዎ ነው?' አለኝ። 'ምኔም አይደለም' አልኩት። እውነቴን ተናገርኩ። 'ምንዎም ካልሆነ ይመለሱ' አለኝ።" ሳህኑን አስቀምጠው ተቀመጡ። "ዕድሜዬን ሙሉ 'አትዋሺ' ሲሉኝ ኖረው፣ ዛሬ እውነቱን ብናገር ልጁ ጦሙን ሊውል ነው። ይህ እንዴት ያለ ነገር ነው?"

ከሰዓት በኋላ የንስሐ አባታቸውን ፍለጋ ወጡ፤ እኔም ተከተልኩ። አባ የሚቀድሱልን ሽማግሌ ቄስ ናቸው። አጥራቸውን ሲጠግኑ አገኘናቸው። አማቴ መስቀል ከተሳለሙ በኋላ ነገሩን ሳያስጌጡ ጠየቁ፤ "አባ፣ ልጄ ነው ብል ውሸት ነው?"

አባ የያዙትን እሾህ አስቀመጡና አሰቡ። ለመመለስ የሚቸኩሉ ሰው አይደሉም። "ልጄ ነው ብለሽ የእናት ሥራ ሳትሠሪ ብትቀሪ ውሸት ነው" አሉ በመጨረሻ። "የእናት ሥራ ከሠራሽ ግን ምኑ ላይ ነው ውሸቱ?"

"እሱ ደግሞ የኛ አይደለም። ጴንጤ ነው።"

"ጌታ 'ታስሬ ጠይቃችሁኛል' ሲል የታሰረው ለምን እንደሆነ ጠይቁ አላለም" አሉና ወደ አጥራቸው ተመለሱ። ትንሽ ቆይተው ግን፣ "ብቻሽን አትሂጂ" ብለው ጨመሩ። "ብቻውን የሄደ ሰው በቀላሉ ይመለሳል።"

አማቴ ሙሴ፣ ማለትም ሰብሳቢ፣ የሆኑበት የማርያም ማኅበር ነበራቸው። በየወሩ በተራ ጽዋ ይጠጣሉ። በዚያ ወር ተረኛዋ አማቴ ነበሩ። ድፎ ዳቦው ተጋግሯል፣ የገብስ ጠላው ደርሷል። ማኅበርተኞቹ ተሰብስበው አባ ጸሎት ካደረጉ በኋላ፣ ዳቦው ከመቆረሱ በፊት አማቴ ብድግ አሉ።

"እህቶቼ፣ ዛሬ ጽዋውን እዚህ ቤት አንጠጣም። እስር ቤት እንወስደዋለን" አሉና ነገሩን ተናገሩ።

ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተናገሩ። አንዷ ልጇ ሚሊሺያ እንደሆነ አነሳች። ሌላዋ ባሏ በቀበሌ ሱቅ እንደሚሠራና ከሥራው እንደሚባረር አለቀሰች። ከቤተ ክርስቲያን አጥር አጠገብ የሚኖሩ፣ ጾሙን ከካህናቱ በላይ የሚያጠብቁ አንዲት ሴት ደግሞ፣ "እኔ እስራቱን አልፈራም። ግን እሱ እመቤታችንን አያውቃትም። እንዴት የእሷን ጠበል ጠዲቅ እንሰጠዋለን?" አሉ።

"እሱ ባያውቃት እሷ ታውቀዋለች" አሉ አማቴ።

እኔ ማንቆርቆሪያ ይዤ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ ነበር። የማኅበሩ ታናሽ እኔ ነኝ፤ ሥራዬ መቅዳት እንጂ መናገር አልነበረም። ባሌን አሰብኩ። መንግሥት ነው የሚያሠራው፤ አንድ ቃል ቢባል ሥራው አለቀ። ግን ያ ልጅ "ጨ" ከ"ጠ" በምን እንደምትለይ ለአማቴ ሲያሳያቸው የነበረው ትዕግሥት ከፊቴ አልሄድ አለ። አፌ ከልቤ ቀድሞ፣ "መሶቡን እኔ እሸከማለሁ" አልኩ።

አማቴ ዞረው አዩኝ። ከተዳርኩ ጀምሮ እንዲያ አይተውኝ አያውቁም። "እንግዲህ የምትሸከም ተገኘች" አሉ። "መንገድ ብቻ ነው የቀረን።"

ሁሉም አልመጡም። ሁለት ሦስት ሴቶች ልጅ ታሞብናል፣ እህል አስጥተናል ብለው ወደየቤታቸው ሄዱ። አማቴም አልተቀየሟቸውም፤ "ጸልዩልን" ብቻ አሏቸው። የቀረነው ነጠላችንን አስተካክለን ወጣን። አባ መስቀላቸውን ይዘው ከፊት፣ አማቴ ከጎናቸው፣ እኔ መሶቡን በራሴ ላይ፣ ሌሎቹ ድፎውንና ጠላውን ይዘው። ጾም የሚያጠብቁት ሴትም ከመሐል ነበሩ። "እኔ የመጣሁት ዳቦው እንዳይወድቅ ለመጠበቅ ነው" እያሉ ያጉተመትማሉ።

በመንገዳችን አንድ የእህል ነጋዴ ሱቁን ትቶ ወጣ። የጫኑ አህዮችን የሚነዱ የአገር ቤት ሰዎች ቆመው ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ታቦት የወጣ መስሏቸው ይሆናል። አንዱ ሽማግሌ "የት ነው ሰርጉ?" ሲሉ "ፖሊስ ጣቢያ ነው" አሉ አማቴ። መሶቡ ከብዶኝ አንገቴ ቢታመምም ሳቅ ሊያመልጠኝ ነበር። ፍርሃትና ሳቅ አንድ ላይ እንዲህ የሚገጥሙ መሆናቸውን አላውቅም ነበር።

በሩን የሚጠብቀው ሚሊሺያ የደባርቅ ልጅ ነው። አክስቱን ከእኛ መሐል ሲያያት ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ መልሶ አንጠለጠለው።

"እትዬ፣ ምን ሆናችሁ?"

"ደህና ነን። አለቃህን ጥራልን።"

አሥር አለቃው እያላመጠ ወጣ። አማቴን አወቃቸው።

"ደግሞ መጡ? ማንን ፈልጋችሁ ነው?"

"መምህሩን።"

"ምኑ ነዎት?"

"እናቱ ነኝ" አሉ አማቴ።

"ያን ዕለት ምኔም አይደለም አላሉኝም?"

"ያን ዕለት አልነበርኩም። ከዚያ ወዲህ ነው የሆንኩት።"

አሥር አለቃው ወደ ቀጣይዋ ዞረ። "እርስዎስ?" "እናቱ ነኝ።" ሦስተኛዋም "እናቱ ነኝ" አለች። የሚሊሺያው አክስትም እንዲሁ። ሚሊሺያው አክስቱን በግርምት አያት፤ ድንገት ረጅም የአክስት ልጅ ተወልዶለታል። አሥር አለቃው ራሱን አከከና፣ "ይህ ልጅ ስንት እናት ነው ያለው?" አለ።

"አገሩ ሩቅ ነው፤ ብዙ ያስፈልገዋል" አሉ ዳቦውን ሊጠብቁ የመጡት ሴት።

"አንቺስ?" አለኝ። "አንቺ እንኳ እናቱ ነኝ አትይኝም።"

"እህቱ ነኝ" አልኩ። ድምፄ ስለቀጠነ ራሴም አልሰማሁትም፤ ስለዚህ ደግሜ ተናገርኩ።

አሥር አለቃው ፈገግታውን ለመዋጥ ሲታገል ካድሬው ደረሰ። ሽጉጡን በወገቡ ታጥቆ፣ በፍጥነት ሲራመድ ስናየው ሁላችንም ተጠጋጋን።

"ይህን ሰልፍ ማን ፈቀደ?"

"ሰልፍ አይደለም ጓድ ልጄ፤ ማኅበር ነው" አሉ አማቴ።

"ማኅበር የሚጠጣው ቤት ውስጥ ነው።"

"ልክ ነህ። እንግዳችን እዚህ ሆኖብን ነው።"

ካድሬው አልሳቀም። ዓይኑን በእያንዳንዳችን ላይ አሳለፈ። "ይህ አድማ ነው። የአድማው መሪ ማን ነው?"

መሶቡን በሁለት እጄ አጥብቄ ያዝኩ። በዚያ ዘመን እንዲህ የተጠየቀ ሰው የት እንደሚደርስ ሁላችንም እናውቃለን። አማቴ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና ሁለት እጃቸውን አጣምረው ወደ ካድሬው ዘረጉ። "እኔ ነኝ። እሰረኝ" አሉ።

ያን ጊዜ ያደረግሁትን አስቤ አላደረግሁትም። መሶቡን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ከጎናቸው ቆምኩና እጄን ዘረጋሁ። ከኋላችን ድፎው መሬት ሲነካ፣ ማሰሮው ሲቀመጥ ሰማሁ። ዞር ብዬ ሳይ ሁሉም እጃቸውን ዘርግተዋል። አባም መስቀላቸውን ከእጃቸው ወደ ብብታቸው አዛውረው፣ "እኔም የማኅበሩ አባት ነኝና ከልጆቼ አልለይም" አሉ።

"እንደውም ጥሩ ነው" አሉ አማቴ። "ካሰርከን መሶቡን ይዘን እንገባለን። ከመመላለስ እንድናለን።"

ሚሊሺያው ሳቁ አመለጠው፤ ቶሎ ብሎ ሳል አስመሰለው። አሥር አለቃው ካድሬውን ወደ ጎን ወስዶ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረ፤ ቅርብ ስለነበርኩ ግን ሰማሁት። "ጓድ፣ የሴት ክፍል የለንም። እነዚህን ዛሬ ብናስራቸው ነገ ስንቅ ይዞ እዚህ በር የሚቆመው አገሩ ሁሉ ነው።" ካድሬው መንገዱን ተመለከተ። ከእህል ነጋዴው ጀምሮ የገበያው ሰው ከሩቅ ቆሞ ያያል። ከዚያ፣ "ዳቦው ይፈተሽ። ውስጡ ወረቀት እንዳይኖር ተቆራርሶ ይታይ። አንድ ሰው ብቻ ይግባ" ብሎ ሄደ።

ሚሊሺያውና አሥር አለቃው ድፎውን እየቆረሱ ፈተሹ። የማርያም ድፎ ነውና ትልቅ ነው፤ ተቆራርሶ ሲያልቅ ለግቢው ሁሉ የሚበቃ ሆነ። አንድ ሰው ያን ሁሉ ሊበላ እንደማይችል ስለታየ ለእስረኞቹ ሁሉ ይታደል ተባለ። ወረቀት ፍለጋው በእኛ ፋንታ ቆርሶ አደለልን። አሥር አለቃው ራሱ አንዱን ቁራሽ "ይህም ይፈተሽ" ብሎ አፉ ውስጥ ጨመረው።

የገባሁት እኔ ነኝ። ግቢው ውስጥ እስረኞቹ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። መምህሩ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ግድግዳ ሥር ነበር፤ ከስቶ ዓይኑ ብቻ ቀርቷል። መሶቡን ሲያይ ለሌላ ሰው የመጣ መስሎት ፊቱን አዞረ።

"ላንተ ነው" አልኩት።

"ማን ነው የላከው?"

"እናቶችህ።"

"የኔ እናት?" ብሎ ተነሣ።

ከበሩ ውጭ የሆነውን ስነግረው መሳቅ ጀመረ። ሳሉ እስኪያቋርጠው ድረስ ሳቀ፤ ከዚያ ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ከዚያ ደግሞ ሳቀ። የበየዳዋ ሴት ባል፣ ገበሬው፣ ጀርባውን ይመታለት ነበር። ጠላውን ስቀዳ መምህሩ በሀፍረት፣ "ይቅርታ፣ እኔ እኮ አልጠጣም" አለ። "እናውቃለን። ላንተ ውሃ አፍልተው አብርደው ነው የላኩልህ" አልኩት። ዓይኑን ጨፍኖ በራሱ መንገድ ጸለየ። ገበሬው ደግሞ አማትቦ አባታችን ሆይ ደገመ። እኔ የሁለቱንም ተከትዬ አሜን አልኩ።

ቅዳሜ ባሌ ሲመጣ ወሬው ሊማሊሞ ደርሶ ጠብቆታል። ሾፌሮቹ "እናትህና ሚስትህ ደባርቅን አሰለፏት" ብለው ነግረውታል። ፊቱ ገርጥቶ ገባ። ሰኞ ቀበሌ ተጠርቶ "ሴቶችህን ያዝ" ተባለ። እሱም፣ "ሚስቴን እሞክራለሁ። እናቴን ግን አባቴም አልቻሏቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር" ብሎ መለሰ። ከሥራው አላባረሩትም፤ ግን የዚያን ዓመት የደመወዝ ጭማሪ ከለከሉት። እውነቱን ለመናገር ጭማሪው ለቤታችን ያስፈልገን ነበር። ያም ሆኖ አንድ ቀን ስለሱ አንስቶ አልወቀሰኝም። እንዲያውም እንግዳ በመጣ ቁጥር ታሪኩን የሚያወራው እሱ ሆነ፤ በሌለበት የሆነውን እንደነበረ አድርጎ።

አማቴ የስብሰባ አዳራሹን እንዲጠርጉ ተቀጡ። መጥረጊያቸውን ይዘው በጠዋት ይሄዳሉ። እኔም እረዳቸው ነበር። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ጢማም የውጭ አገር ሰዎች ሥዕል አቧራ ለብሶ ሲያገኙት ካድሬውን ጠርተው፣ "እነዚህ አዛውንቶች የናንተ አባቶች አይደሉም ወይ? እንዴት እንዲህ ትጥሏቸዋላችሁ?" ብለው ተቆጡት። ካድሬውም ቅጣቱን ቶሎ አስቆመው።

ከዚያ ወዲያ በየወሩ የማርያም ዕለት አንድ መሶብ ወደ ጣቢያው ይሄድ ጀመር። በመሐልም ሴቶቹ ተራ ገብተው ሽሮና እንጀራ ይወስዳሉ። ያን ዕለት ልጅ ታሞብናል ብለው የቀሩትም ተራ ጠየቁ። አሥር አለቃው "ምንሽ ነው?" ማለቱን ተወ። ለመምህሩ ከጤና ጣቢያ መድኃኒት ያስመጣለትም እሱ ነው፤ "እናቶቹ ሳይገድሉኝ" ይል ነበር። እኔና አማቴም ያን ጊዜ ተላመድን። የሽንኩርት አከታተፌን መንቀፋቸውን አልተዉም፤ ግን ስወጣ ስገባ "ልጄ" ይሉኝ ጀመር።

ክረምቱ አልፎ ገብሱ ሲደርስ መምህሩን ለቀቁት። ትምህርት ቤቱ ግን መልሶ አልወሰደውም፤ ወደ አገሩ እንዲሄድ ተነገረው። ከመሄዱ በፊት ጥቂት ቀን ቤታችን ተቀመጠ። እሱና አማቴ ቀን ሙሉ ይከራከራሉ።

"እሺ፣ አባቴ፣ እመቤታችን ምን አደረገችህ?" ይሉታል።

"ምንም። እኔም እኮ እወዳታለሁ፣ እማማ።"

"ትወዳታለህ?" መደብ ላይ ተስተካክለው ይቀመጣሉ። "እንግዲያማ ግማሹን መንገድ መጥተሃል።"

እሱ መጽሐፍ ቅዱሱን አውጥቶ ያነብላቸዋል። እሳቸውም ጣታቸውን በፊደሉ ላይ እያስኬዱ "ጨ"ን ሲያገኙ ያቆሙታል። አንዳቸው ሌላውን አላሳመኑም። ከምሳ ሰዓት በቀር ግን ክርክሩን ያቋረጠው ነገር አልነበረም።

ወደ ጎንደር የሚሄደው አውቶቡስ ጋ ሁላችንም ሸኘነው። እያንዳንዷ እናት የየራሷን ስንቅ ይዛ መጣች፤ ቆሎ፣ ጭኮ፣ ድርቆሽ፣ ቅቤ በቅል፣ ዳቦ በጨርቅ። ዳቦውን ሊጠብቁ መጥተው የነበሩት ሴት አንድ ሙሉ የበግ ቆዳ አምጥተው "እዚያም ብርድ ሊኖር ይችላል" አሉ፤ ቆላ ነው ቢላቸውም አልሰሙትም። ረዳቱ ጣሪያ ላይ ሆኖ "ይህ ሰው ሱቅ ሊከፍት ነው እንዴ?" እያለ ይጭናል። መምህሩ የሁላቸውንም እጅ ስሞ አማቴ ጋ ሲደርስ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ፤ እሳቸው ትከሻውን ይዘው አነሱትና አገላብጠው ሳሙት።

አውቶቡሱ ወደ ዳባት አቅጣጫ ታጥፎ እስኪጠፋ ድረስ በመስኮቱ እጁን አውጥቶ ያውለበልብልን ነበር። አማቴ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና፣ "በሉ እንግዲህ፣ ገብሱ ሊረግፍ ነው" አሉ። ማጭዳችንን ልናመጣ ሁላችንም ወደየቤታችን ተበተንን።